ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም ወረቀት እዩ

በዚህ አምድ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ሕፃናት ትኩሳት ስጽፍ የለመዳችሁኝ ሰዎች፣ ዛሬ ስለ ኳስ ተጫዋች ደመወዝ ልጽፍ መሆኔን ስትሰሙ “ሲስተር ደግሞ ምን ነካት?” እንዳትሉኝ። ነገሩ ወደ ጤናም ይመጣል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ሰሞኑን አንዲት የሠፈሬ እናት ሁለት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። “ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ” አለችኝ። አንደኛው ማኅተም ያለው የክለብ ውል ነው። ሁለተኛው ከደብተር ላይ የተቀደደ ቅጠል ሲሆን በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ፊርማ የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው። ልጇ ከሐረር ወጥቶ በሌላ ከተማ ላለ ክለብ ሊፈርም ነው። ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ደመወዝ በደብተሩ ቅጠል ላይ ካለው ግማሹን እንኳ አይሞላም። “ቀሪውን በእጅ እንሰጥሃለን፣ ጣሪያ ስላለብን ነው ብለውታል። ጣሪያ ማለት ምንድን ነው?” ስትል ጠየቀችኝ። ያን ዕለት በቡና ላይ የነገርኳትን ነው ትንሽ አስፍቼ እዚህ የምጽፈው፤ በየቤታችን ኳስ የሚያባርር ልጅ አይጠፋምና።

ጣሪያው እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች ተነጋግረው የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ቀደም ሲል ተጫዋች “የፊርማ” ተብሎ ዳጎስ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይቀበል ነበር፤ ኋላ ይህ ቀርቶ ክፍያው ወደ ወር ደመወዝ ሲዞር የወሩ ቁጥር ወደ ላይ ወጣ። በወር ከ100 ሺህ ብር በላይ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ወሬ የሰፈር መነጋገሪያ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን እናውቃለን። የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ በስታዲየም ትኬትና በማልያ ሽያጭ የሚኖሩ አይደሉም። የሚደጉማቸው የከተማ አስተዳደር፣ የክልል መንግሥት ወይም የመንግሥት ድርጅት ነው። በ2012 ዓ.ም. ማገባደጃ ዲኤስቲቪ የፕሪሚየር ሊጉን የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት በ22 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ትልቅ ደስታ ነበር፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ ለክለቦች ሁሉ ሲከፋፈል የደመወዙን ጉድጓድ አይደፍንም።

ስለዚህ እኔ ጣሪያ መኖሩን አልቃወምም። ለመንገድና ለውኃ ከሚውለው ኪስ የወጣ ገንዘብ ገደብ ቢኖረው ምን ክፋት አለው? ዕድሜዬን ሙሉ ጓንት ሲያልቅ፣ መርፌ ሲያልቅ አይቻለሁና። የማልወደው ከጣሪያው በኋላ የመጣውን ነው። ውሳኔው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የስፖርት ጋዜጠኞች ሁሉ “ከጠረጴዛ ሥር” የሚል ቃል ያዙ። ለፌዴሬሽን የሚቀርበው ውል 50 ሺህ ይላል፤ ቀሪው በእጅ፣ በዘመድ የባንክ ደብተር፣ በቤት ኪራይ፣ አንዳንዴም በመኪና መልክ ይመጣል ተባለ። የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር በ2017 የውድድር ዘመን ሌላ መመሪያ ሥራ ላይ አዋለ። ይህኛው ክለቡ ለተጫዋቾቹ በዓመት የሚያወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ይገድባል። መመሪያውን ጥሰዋል በተባሉ ክለቦችና ተጫዋቾች ላይም ቅጣት ተላልፏል። “ተጫዋቾች” የምትለዋን ቃል አስምሩባት፤ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ጣሪያ ያለበት አገር ሁሉ ክለቦች ውል ያገላብጣሉ። በሕጋዊ መንገድ የሚያገላብጡ አሉ፣ ሰውን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው የሚያገላብጡም አሉ። ልዩነቱን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ ልውሰዳችሁ።

አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት፣ ግን ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡት ጨዋታ አላቸው። የዚያ ሊግ ክለቦች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተጫዋቾች የሚያወጡት ገንዘብ ጣሪያ አለው። ሲጀምር ለአንድ ክለብ 34 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. 279 ነጥብ 2 ሚሊዮን ደርሷል። ታዲያ ክለቡ ጣሪያውን ሲነካ ምን ያደርጋል? ውሉን እንደገና ያዋቅራል። ሒሳቡን በእኛ ብር ላስረዳችሁ።

አንድ ተጫዋች የአራት ዓመት ውል አለው እንበል፤ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ብር። ዘንድሮ ክለቡ ጠቦታል። ተጫዋቹን ይጠራና “ከዘንድሮው አንድ ሚሊዮን ውስጥ 800 ሺውን አሁኑኑ የፊርማ ገንዘብ ብለን በአንድ ጊዜ እንስጥህ፤ 200 ሺው ብቻ ደመወዝ ይባል” ይለዋል። የሊጉ ደንብ የፊርማ ገንዘብ በውሉ ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ ቢበዛ በአምስት ዓመት። ስለዚህ 800 ሺው ለአራት ይከፈላል፣ በየዓመቱ 200 ሺህ ይጻፋል። ዘንድሮ በመዝገብ ላይ የሚታየው 200 ደመወዝና 200 የፊርማ ድርሻ፣ በድምሩ 400 ሺህ ነው። ክለቡ 600 ሺህ ብር ቦታ አገኘ። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ግን በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ከ200 ሺህ ይመዘገብበታል። ተጫዋቹስ? ሙሉውን አንድ ሚሊዮን ዘንድሮ ተቀብሏል፤ እንዲያውም አብዛኛውን ቀድሞ።

ይህ ዕቁብ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ የበላ ሰው ዛሬ እጁ ሞላ፤ መጣሉ ግን እስከ መጨረሻው ዙር ይቀጥላል። በልቶ መጥፋት ደግሞ አይቻልም፤ ዋስ አለ። አሜሪካ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ተጫዋቹ በሁለተኛው ዓመት ቢሰናበት ያልተመዘገበው ቀሪ ገንዘብ፣ ሰውየው ክለቡ ውስጥ በሌለበት፣ በክለቡ ሒሳብ ላይ ይወድቃል። “የሞተ ገንዘብ” ይሉታል። ዴንቨር ብሮንኮስ የሚባለው ክለብ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ራስል ዊልሰን የተባለውን ተጫዋቹን ሲያሰናብት 85 ሚሊዮን ዶላር የሞተ ገንዘብ ተሸክሞ ቀረ። በሁለት ዓመት ከፋፍሎ መዘገበው። ሰውየው ሄዶ ሌላ ቦታ ይጫወታል፣ ዕዳው የክለቡ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚህ አሠራር ብልሃቱ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው፤ ገንዘቡን ተጫዋቹ ቀድሞ ያገኛል፤ ለነገው የሚያስበው ክለቡ ነው።

የልጅ ልጆቻችሁ የሚያውቁት ምሳሌ ደግሞ ባርሴሎና ነው። በስፔን ሊግ የአንድ ክለብ የደመወዝ ገደብ የሚወሰነው በገቢው ነው፤ ገቢህ ሲቀንስ ጣሪያህ ይወርዳል። ኮሮና መጥቶ ስታዲየም ሲዘጋ ባርሴሎና ወደቀ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ላፖርታ በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. የክለቡ ዕዳ 1 ነጥብ 35 ቢሊዮን ዩሮ መሆኑንና የደመወዝ ወጪው ከገቢው መብለጡን ተናገረ። ሊዮኔል ሜሲ ግማሽ ደመወዙን ለመተው ተስማምቶ እንኳ ሊመዘገብ አልቻለም፤ አልቅሶ ሄደ። እኛ ቤት ያኔ አንድ ልጅ ምሳ አልበላም ብሎ ነበር። ከዚያ ጄራርድ ፒኬ ከደመወዙ ብዙ ቀነሰና ክለቡ ሜምፊስ ዴፓይንና ኤሪክ ጋርሲያን ለማስመዝገብ ቦታ አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ.፣ ፒኬ፣ ቴር ስቴገን፣ ላንግሌና ፍሬንኪ ዴ ዮንግ ውላቸውን ሲያራዝሙ ከደመወዛቸው የተወሰነው ወደ ፊት ዓመታት እንዲገፋ ተስማምተው ነበር። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ያ የተገፋ ክፍያ ክለቡን ከበደው፤ በ2022 ክረምት ዴ ዮንግ ደመወዝ ቀንስ ወይም ሂድ ተብሎ ተጨነቀ ሲባል ሰነበተ። ልጁ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን? የተገፋው ገንዘብ በውሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ስለ ባርሴሎና አልነበረም፤ ግን በትክክል ይሠራል።

አሁን ወደዚያች የደብተር ቅጠል እንመለስ። ከጠረጴዛ ሥር የሚከፈለው ገንዘብ ከእነዚህ ከሁለቱም ይለያል። ክለቡ ከመዝገብ ላይ ሸክሙን ያወርዳል፤ ሸክሙ ግን አይጠፋም፣ ልጁ ጫንቃ ላይ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ቢቀየር አዲሱ “እኔ የማውቀው ማኅተም ያለውን ነው” ይላል። የከተማው በጀት ቢዘገይ መጀመሪያ የሚቆመው ይኸው በእጅ የሚሰጠው ነው። ልጁ ቢከስ ምን ይዞ ይከሳል? የደብተር ቅጠል ይዞ ቢቀርብ ደግሞ ራሱን የመመሪያ ጣሽ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ቅድም አስምሩባት ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ቅጣቱ ለክለብ ብቻ አይደለም።

አንዳንድ ሽማግሌ “ቃል እኮ ይበቃል” ሊለኝ ይችላል። ሐረር ውስጥ ቃል የት እንደሚበቃ አውቃለሁ። አፎቻ ውስጥ ይበቃል። የሐረሪ ወንዶችም ሴቶችም በየአፎቻቸው ለሠርግና ለሐዘን ሲሰባሰቡ ቃል የሚታመነው ሰዎቹ ስለሚተዋወቁ፣ ዛሬ ያጠፋ ነገ እዚያው ጀጎል ውስጥ ከወንድሙ ጋር ስለሚገናኝ ነው። የክለብ ሥራ አስኪያጅ የት ይገኛል? ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ መሥሪያ ቤት።

ገንዘቡን በቁጥር እንየው፤ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ግብር ስለሌለበት ብዙ ወላጅ “ጥሩ ነው” ይላል። ጣሪያው በወጣበት ጊዜ በነበረው የግብር አከፋፈል ከ50 ሺህ ብር ደመወዝ 16 ሺህ ብር ግብር ይቆረጣል። ጡረታ የሚቆረጥለት ከሆነ ደግሞ 7 በመቶ፣ ማለትም 3 ሺህ 500 ብር። ለልጁ 30 ሺህ 500 ብር ይደርሰዋል። (አሁን የግብሩ ማስያ ተሻሽሏል፤ ልዩነቱ ግን በዚህ የደመወዝ ልክ ትንሽ ነው።) ሌላ 50 ሺህ በእጅ ከተሰጠው ምንም አይቆረጥበትም፤ 80 ሺህ 500 ይዞ ቤት ይገባል። ደስ ይላል። ግን አሠሪው በበኩሉ ሊጨምርለት የሚገባው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በሁለተኛው 50 ሺህ ላይ የለም። በየወሩ ከእሱ 3 ሺህ 500፣ ከክለቡ 5 ሺህ 500፣ በድምሩ 9 ሺህ ብር በስሙ ሳይገባ ይቀራል። የጡረታ አበል የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ነው፤ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶ የሚከፈል አበልም እንዲሁ። ባንክ ብድር ሲጠየቅ የሚያየውም የተመዘገበውን ነው።

“የሃያ ዓመት ልጅ ስለ ጡረታ ምን አገባው?” ትሉኝ ይሆናል። እኔን ጠይቁኝ። ኳስ ተጫዋች በ18 ዓመቱ ቢጀምር በ33 ዓመቱ ያበቃል፤ ዕድለኛ ከሆነ። ሌላው ሰው ሥራ በሚያደላድልበት ዕድሜ እሱ ጫማ ይሰቅላል። ቀሪውን ዕድሜ የሚሠራበት ነገር የሚገዛው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። እንግዲህ ዘመኑ የሚያጥርበት ዋናው ምክንያት ጉልበት ነውና አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ።

በጉልበታችን ውስጥ ሁለት ጅማቶች እንደ መስቀል ተጠላልፈው ጭንንና ቅልጥምን ያያይዛሉ። የፊተኛው ነው ኳስ ተጫዋችን የሚያስለቅሰው። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው፣ ሮጦ ድንገት ሲቆም ወይም እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነቱ ሲዞር ይበጠሳል። ልጆች “ቋ ሲል ሰማሁት” ይላሉ። ከዚያ ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ወደ ጨዋታ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ረጅም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ከ9 ወር በፊት ሜዳ መመለስ ጅማቱ ዳግም የመበጠስ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። ዘጠኝ ወር! በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ ማኅተም ያለው ውል ይከፍላል፣ ቢያንስ መጠየቅ ይቻላል። የደብተር ቅጠሉ ግን ሜዳ ላይ ላልቆመ ሰው አይከፍልም። ሆስፒታል በሠራሁባቸው ዓመታት ወጌሻ አሽቷቸው፣ አሽቷቸው ሲያቅተው የመጡ ስንት ጉልበቶች አይቻለሁ። (ለወጌሻዎቻችን አክብሮት አለኝ፤ ለወለምታ። የተበጠሰ ጅማት ግን በእሽት አይጋጠምም፤ ያበጠ ጉልበት ያለው ልጅ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።)

ከዚህ የከፋው ልጁ ሕመሙን መደበቁ ነው። ገንዘቡ ከመሰለፍ ጋር ሲታሰር ሕመም ጠላት ይሆናል። ዳይክሎፌናክ ይወጋና ይገባል። ማስታገሻ ሕመሙን ያጠፋል እንጂ ጉዳቱን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሰውነት “አቁም” ብሎ የሚልከውን መልእክት ይዘጋል። ይህ መድኃኒት ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል፤ ውኃ ሳይጠጡ በድሬዳዋ ሙቀት እየሮጡ ሲሆን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ልጃችሁ በየጨዋታው ፊት መርፌ እየተወጋ ከሆነ ማወቅ አለባችሁ። ጠይቁት፤ ሳትቆጡ።

ለአያቶች አንድ ነገር ላስታውስ። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ኃያል በነበረበት ዘመን፣ ከዚያ በኋላም ክለቦች በየመሥሪያ ቤቱ ሲደራጁ፣ ተጫዋች ማለት በአብዛኛው የፋብሪካ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ጠዋት ሥራ፣ ማታ ልምምድ። ጉልበቱ ሲያልቅ ግን ወደ ማሽኑ ወይም ወደ መጋዘኑ ይመለሳል፤ የወር ደመወዝ አለ፣ ጡረታ አለ። ያ ዘመን ይመለስ አልልም፤ ልጆቹ በኳሳቸው ሀብታም ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ግን ያ ድሃ ተጫዋች ያልነበረውን ገንዘብ የዛሬው ሲያገኝ፣ የነበረውን መከታ እያጣ መሆኑ ይቆጨኛል። እኛም በከተማችን አይተነዋል። ሐረር ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተበት ጊዜ ነበር፤ ስታዲየሙ ሲሞላ ፈረስ መጋላ ያለ ነጋዴ እንኳ ውጤት ይጠይቅ ነበር። ፋብሪካው በ2003 ዓ.ም. ለሃይኒከን ተሸጠ፤ ዛሬ ትልቁን ሊግ ለማየት ልጆቻችን ወደ ድሬዳዋ ይወርዳሉ። የክለብ ባለቤት ይለወጣል። የፈረመው ልጅ ግን እዚያው ጉልበቱ ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ ለዚያች እናት ምን አልኳት? ልጁን “አትሂድ” በይው አላልኳትም። ክለቡ ጣሪያ ስላለበት መክፈል የሚችለው ይህን ያህል ብቻ ከሆነ፣ የሚችለውን በሙሉ በማኅተሙ ወረቀት ላይ ይጻፍ ነው ያልኳት። ደንቡ የሚፈቅደው ብዙ ነገር አለ፤ ልጁ አጥብቆ ሊደራደርበት የሚገባው እሱ ላይ ነው። ሲጎዳ ሕክምናውን ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ፣ የት? ቀዶ ሕክምና ካስፈለገስ? በሕክምና ላይ እያለ ደመወዙ ይቀጥላል ወይ? ውሉ በሕክምናው መካከል ቢያልቅ ምን ይሆናል? ከማንም በፊት የውሉን ርዝመት እዩ፤ የአንድ ዓመት ውል ያለው ልጅ በጥር ጉልበቱ ቢበጠስ ሐምሌ ላይ ሥራ አጥና አንካሳ ነው። በወር 5 ሺህ ብር ያነሰ፣ ግን ሁለት ዓመት የሚዘልቅና ሕክምና የተጻፈበት ውል ይሻላል እላለሁ። የሠፈር ወጣቶች በዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

የገንዘቡ ቀን ካለፈ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር የፊፋ ደንብ፣ ክለቡ ያላግባብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አሳውቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። በአገር ውስጥ አቤቱታው መጀመሪያ ወደ ፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው የሚሄደው። ሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሉ። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ልጁ ክፍል ከጓደኞቹ ልብስ ጋር መቀመጥ የለበትም፤ እናት ወይም አያት ጋ፣ የቤት ካርታና የልደት ወረቀት በሚቀመጥበት ይቀመጥ። በስልክም ፎቶ አንሡት።

ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። በፊፋ ደንብ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከሦስት ዓመት የበለጠ የሙያ ውል አይፈቀድም። “አምስት ዓመት ፈርም፣ ሕይወትህ ተለወጠ” የሚል ሰው ቢመጣ ወይ ደንቡን አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁ ገምቷል። ዕድሜ ስለመቀነስም ይወራል። ጉዳዩ ከውሸትነቱ ባሻገር የጤና ጉዳይ ነው፤ የ20 ዓመት ልጅ ከ16 ዓመት ልጆች ጋር ሲጋጭ የሚሰበረው የትንሹ እግር ነው። ይህን በሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ።

ደላላ ወይም ወኪል የሚባለውም አለ። ጥሩ ወኪል አለ፣ አይካድም። ግን ጥያቄው ቀላል ነው፤ ድርሻውን የሚወስደው ከየትኛው ገንዘብ ነው? ከጠረጴዛ ሥር ከሚሰጠው ላይ የሚወስድ ሰው ውሉ ላይ ብዙ እንዲጻፍ ለምን ይለፋል? አንዱ ወላጅ ወይም የተማረ ዘመድ ድርድሩ ላይ ይቀመጥ። ሥራ አስኪያጁ “ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው” ቢል እናትየው ትቀመጥ። ሐረር ገበያ ላይ ሃያ ዓመት የነገደች ሴት ከማንም ሥራ አስኪያጅ የበለጠ ሒሳብ ታውቃለች፤ ሸዋ በር ሄዳችሁ ሞክሩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ለመናገር ትንሽ ይከብደኛል። በእጅ የሚመጣ ገንዘብ በእጅ ይወጣል። በባንክ በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ለራሱ መርሐ ግብር ይይዛል፤ በኤንቨሎፕ የመጣው ግን ለወንድም ሠርግ፣ ለአጎት ብድር፣ ለጓደኛ ጫት ይሆናል። ልጁ ይሰጣል፣ ኩሩ ነው፣ ቤተሰቡን ይወዳል። እኛም እንቀበላለን። ከዚያ ጉልበቱ ሲያብጥ ለኤምአርአይ የሚሆን ብር ሲፈለግ ዘመድ ሁሉ ስልክ አያነሣም። ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ በስሙ የተለየ የቁጠባ ደብተር ይከፈት፤ ቁጥሩን እናት ብቻ ትወቀው። ሠርጉ ይዘግይ።

ውል ያላችሁ፣ ያልገባችሁ አንቀጽ ያለባችሁ ወላጆች ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ፤ የሕግ ባለሙያ ጠይቄ በሌላ ሳምንት እመልሳለሁ። ጉልበቱ ካበጠ ግን ለእኔ አትጻፉ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደም ግፊታችን እንመለሳለን።